ስሙ ብቻ የቀረ ሜዳ፦ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ የጉዳይ ጥናት

ከሣር ቤት ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ «ኦልድ ኤርፖርት ወራጅ አለ» የሚል ሰው ሻንጣ ይዞ አይወርድም። አንዱ ኤምባሲ ጉዳይ አለው፣ ሌላው ልጁን ከትምህርት ቤት ሊቀበል ነው፣ የቀረው ሰፈሩ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚጠብቅ ሰው በዚያ ከታጣ 60 ዓመት አልፏል። ማረፊያው ሥራውን ለቦሌ አስረክቦ ስሙን ለሰፈሩ ትቶ ሄደ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ቦሌ ባይሠራ ኖሮ ልደታ «ኦልድ» ባልተባለ ነበር።

የልደታ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ ጄት መጣ፣ ማኮብኮቢያው አጠረ፣ ቦሌ ተሠራ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን በውስጡ የተሸሸገ አንድ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛው «ትልቁ አውሮፕላን የት ይረፍ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ትንሹ አውሮፕላን የት ይኑር?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው የተሰጠው መልስ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ መልስ አላገኘም፤ ትንሹም በትልቁ ጥላ ሥር ተጠቃሎ ተወሰደ።

ትንሽ አውሮፕላን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ባለሙያዎቹ ጄኔራል አቪዬሽን ይሉታል፤ በመርሐ ግብር ከሚመላለሰው የመንገደኛ በረራና ከጦር በረራ ውጪ ያለውን ነው። የአብራሪ ማሠልጠኛ፣ የግል አውሮፕላን፣ ተባይ መርጨት፣ የአየር ላይ ፎቶግራፍ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዓለም አቀፉ ጥብቅ ፍቺ ቻርተር (የኪራይ በረራ) እና የአየር አምቡላንስ፣ ተባይ መርጨትና የአየር ላይ ፎቶግራፍም ከዚህ ይወጣሉ፤ መሬት ላይ ግን በአንድ ሃንጋር አድረው ከአንድ ነዳጅ ቦቴ ስለሚቀዱ አብሬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ትንሽ ነበር

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰችው ፖቴዝ 25 ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነበረች። ተፈሪ መኰንን ኤደን ላይ የእንግሊዝን አየር ኃይል ትርኢት ካዩ ጀምሮ በልባቸው የያዙት ነገር ነው። ከፖቴዝ ቀጥሎ የጀርመኑ ዩንከርስ መጣ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራችውን «ፀሐይ»ን አበረረ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችው ይህች አውሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በሙዚየም ስትታይ ኖራ ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

ይህን የማነሣው ታሪክ ለማሟላት ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚፈልገው ደልዳላ ሜዳና በበርሜል የመጣ ቤንዚን ነበር። ከወረራው በፊት የአቃቂ ሜዳ ለከተማዋ ይበቃት ነበር። ማረፊያ ማለት ላሙ ከግጦሽ ሲነሣ የሚዘጋጅ ቦታ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። አየር ማረፊያ ለአውሮፕላን መጠን የሚሰፋ ልብስ መሆኑ የተገለጠው በኋላ ነው።

ከነጻነት በኋላ የከተማዋ ዋና ማረፊያ ልደታ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. በአስተዳደርና በባለሙያ ይደግፈው ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመርሐ ግብር በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። መንገደኛው እንደ ወታደር በግራና በቀኝ በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መሀሉ ላይ ጭነቱ በገመድ ይታሰራል። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ጥርጊያ መንገድ ያልደረሰበት አገር ሁሉ ይደርስ ነበር። ሰው፣ ደብዳቤ፣ መድኃኒት፣ የጅማ ቡና በዚህ ሄደ።

የልደታን አገልግሎት ለመረዳት የአውሮፕላኑን ክብደት መያዝ ይበቃል። ሲ-47 ሙሉ ጭነት ይዞ ሲነሣ 13 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1950 ዓ.ም. ገደማ አየር መንገዱ ያስገባው ዲሲ-6ቢ 48 ቶን ይደርሳል። በ1955 ዓ.ም. የመጣው ቦይንግ 720ቢ ደግሞ 106 ቶን ነው። በ17 ዓመት ውስጥ ልብሱን የሚለብሰው ሰው ስምንት እጥፍ ወፈረ።

ውሳኔው

እ.ኤ.አ. በ1960 አየር መንገዱ የልደታ ማኮብኮቢያ ለአዲሶቹ ጄቶች እንደማይበቃ ተረዳ። ቦሌ ተመረጠ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1962 ማኮብኮቢያውና የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ሥራ ጀመሩ። ስሙም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተባለ።

ለምን ልደታ አልረዘመም የሚል ካለ ካርታውን ይመልከት። ሜዳው ከተማዋ በምትስፋፋበት በኩል ነበር። ዙሪያውን ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያንና የወንዝ ሸለቆ ይዘውታል። ከሰሜን ከ3000 ሜትር በላይ የሚያልፈው እንጦጦ፣ ከምዕራብ ከ3300 ሜትር በላይ የሆነው ወጨጫ፣ ከደቡብ ምዕራብ ፉሪ ቆመዋል። ቦሌ በዚያን ጊዜ ከከተማዋ ውጪ ያለ ሜዳ ነበር፤ አስፋልት ለመዘርጋትም ነገ ለማስረዘምም አመቺ ነው። ዛሬ ከቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ረጅሙ 3800 ሜትር ነው። ይህ በልደታ የሚታሰብ አልነበረም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 የአፍሪካ አገሮች የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር ሲፈርሙ ቦሌ የተከፈተ ገና መንፈቁ ነበር፤ ልደታ ብቻ ቢኖር እነዚያ ሁሉ ልዑካን እንዴት እንደሚገቡ ማሰብ ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ያልተወሰነውን ነው። ሲቪሉ አውሮፕላን፣ ትልቁም ትንሹም፣ ጓዙን ጠቅልሎ ቦሌ ገባ። የልደታ ሜዳ ለጦሩ ቀረ። 106 ቶን ለሚመዝነው አውሮፕላን ያልበቃው አስፋልት አንድ ቶን ለምትመዝነው ይበቃ ነበር፤ ግን ለእርሷ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የሚሳሳው አየር

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለ ልደታ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚዘለው ስለሆነ ነው። «ትንሽ አውሮፕላን አጭር ሜዳ ይበቃዋል» የሚለው አነጋገር በባሕር ዳርቻ ላለችው ሞምባሳ እንጂ ለአዲስ አበባ አይሠራም።

ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። ፀሐይ ስትከርር ደግሞ የቀረው አየር ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው፤ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው፤ ፕሮፔለርም የሚገፋው ያንኑ አየር ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይራባሉ።

በብዙ የዓለም ማሠልጠኛ የምትገኘውን ባለ አራት መቀመጫ ሴስና 172 እንውሰድ። ሞተሯ በባሕር ዳርቻ 180 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በጋ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ ከልደታ የምትነሣ አውሮፕላን የሚሰማት 3200 ሜትር ላይ እንዳለች ነው። ከ180ው የፈረስ ጉልበት 125 ገደማ ብቻ ይቀራታል። በባሕር ዳርቻ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትደርስ መሬት የምትለቅ ከሆነ እዚህ 117 መድረስ አለባት። የተዳከመ ሞተር ይዞ የበለጠ ፍጥነት መሻት ማለት ነው። ውጤቱም የመንደርደሪያው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከተነሣች በኋላም ሽቅብ የምትወጣው እየተንፏቀቀች ነው፤ ፊቷ ላይ ደግሞ ሕንፃና ተራራ አለ።

ያው ሜዳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሌላ ሜዳ ነው። ሙቀቱ 9 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኗ 2650 ሜትር ላይ እንዳለች ያህል ትበራለች። በማለዳና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት 550 ሜትር ተራራ እንደ መውጣት ነው። በደጋ አገር የሚሠራ አብራሪ በጠዋት መነሣት የሚወደው ለዚህ ነው። የቀትሩን ሒሳብ ሠርቶ አራተኛውን መንገደኛ «አንተ ነገ ጠዋት» ቢለው ንፉግ ሆኖ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ማዕከላዊ ትንሽ ማረፊያ በአዲስ አበባ ለመሥራት የሚያስብ ሰው በቆላ ከተማ ልክ የተሠራ ንድፍ አምጥቶ ቢዘረጋ ይሳሳታል። ልደታም ቢሆን ለትንሹ የተረፈ ሰፊ ሜዳ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ለትንሹ ልክ የሆነ ሜዳ ነበር ማለት ይቀርባል።

ሌላው ጉዳይ ነዳጅ ነው። የፒስተን ሞተር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠጡት አቭጋዝ የተባለውን የአውሮፕላን ቤንዚን ነው። ትልልቆቹ የሚጠጡት ኬሮሲን የሆነውን የጄት ነዳጅ ነው። አቭጋዝ በአፍሪካ ሁሉ ብርቅና ውድ ነው፤ ጥቂት ሰው ስለሚገዛው አስመጪው አይደክምበትም፣ አስመጪው ስለማይደክምበት ገዢው ይቀንሳል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ብዙዎች የጄት ነዳጅ ወደሚጠጡት፣ እንደ ሴስና ካራቫን ወዳሉት ወይም የናፍጣ ሞተር ወደተገጠመላቸው የዳይመንድ አውሮፕላኖች ዞረዋል። የአየር መንገዱ አካዳሚም ከሴስናው ጎን ዳይመንዱን ለሥልጠና ይጠቀማል። የነዳጅ ዲፖ የሌለው ትንሽ ማረፊያ ውኃ እንደሌለው ሆቴል ነው።

በትልቁ ቤት ጥገኛ መሆን

ዛሬ በአዲስ አበባ አውሮፕላን መከራየት የፈለገ ቦሌ ይሄዳል። የግል ኦፕሬተሮች ቱሪስቱን ወደ ላሊበላና ወደ ኦሞ፣ ሕመምተኛውን ከክፍለ ሀገር ወደ ከተማ፣ ኢንጂነሩን ወደ ግድብና ወደ ማዕድን ቦታ ያመላልሳሉ። ሕጉ ለረጅም ዓመታት የግል አየር መንገድን በ50 መቀመጫ ወስኖት ስለነበር ዘርፉ በትንሽ አውሮፕላን ላይ ነው ያደገው። ያደገበት ቤት ግን የትልቁ ነው።

ይህ ምን ችግር አለው? አንዱን ላሳይ። ከባድ አውሮፕላን ሲበር ከክንፉ ጫፍ የሚሽከረከር የአየር አዙሪት ጥሎ ያልፋል። ትንሽ አውሮፕላን በዚያ ውስጥ ብትገባ ልትገለበጥ ትችላለች። ስለዚህ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ቀላል አውሮፕላን ለማረፍ ከባዱን ስትከተል 11 ኪሎ ሜትር ገደማ እንድትርቅ፣ ስትነሣም ደቂቃዎች እንድትጠብቅ ያዛል። በቦሌ ሰማይ ሦስት መንገደኛ የያዘች አውሮፕላን ከግዙፉ ቦይንግ 777 ኋላ ስትገባ በመካከላቸው የሚባክነው ቦታ ሌላ ትልቅ አውሮፕላን ሊያሳርፍ ይችል ነበር። ትልቁ በትንሹ ይበሳጫል፤ ትንሹም ሞተሩን አስነሥቶ ተራ ሲጠብቅ ነዳጁን ያቃጥላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተጣሉት ጎረቤቶች ሳይሆኑ አንድ አልጋ የተሰጣቸው እንግዶች ናቸው።

ትንሹ አውሮፕላን የቅንጦት ዕቃ ይመስለናል፤ እስኪያስፈልገን ድረስ። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሰማዩን ሲያለብሰው የተጠራው ጄት አልነበረም። ዝቅ ብላ፣ በዝግታ፣ በማሳ ላይ መርጨት የምትችል ትንሽ አውሮፕላን ናት የተፈለገችው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የሚገርመው አጋጣሚ ይህ ነው፦ ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚያሠማራ ድርጅት በዚህች ከተማ በተወለደበት ዓመት ከተማዋ የመካከል ማረፊያዋን ሸኘች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በኋላ «እሸት» ብሎ የሰየማትን የእርሻ መርጫ አውሮፕላን እዚሁ ገጣጥሟል። ችሎታው አልጠፋም።

ለሚዛን ያህል፣ ልደታን ለሲቪሉ ይመልሱት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በማረፊያ ዙሪያ ያለ ሰማይ ንብረት ነው፤ ዓለም አቀፉ ደንብ እንደ ማኮብኮቢያው ደረጃ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከሜዳው ከፍታ 45 ሜትር በላይ የሚወጣን ነገር ሁሉ ይቆጣጠራል፤ የመሬቱ ዳገትና ቁልቁለት በሒሳቡ ውስጥ ገብቶ ማለት ነው። ከልደታ ሜዳ ከ3 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር ቆሟል። ራቅ ብሎ ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በሣር ቤት የሚነሡትን ፎቆች የሚያይ ሰው ሰማዩ ተሸጦ እንዳለቀ ይረዳል። አንድ ሞተር ያላት አውሮፕላን ሞተሯ ሲጠፋ የምታርፍበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋታል፤ ከብሥራተ ገብርኤል እስከ መካኒሳ ያለው ግን ቆርቆሮና ኮንክሪት ነው። በአዲስ አበባ በ1946 ዓ.ም. የትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሕይወቱን የቀጠፈው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ከወረራው በፊት የአገሪቱን አየር ኃይል የመራ ሰው ነበር። ልምድ ባዶ ሜዳን አይተካም።

አሁን ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል። ቦሌ በበኩሉ ልደታ ሆኗል፤ ከመስቀል አደባባይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በሰፈር ተከቦ። ለዚህም በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ በመጨረሻው 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ አዲስ ማረፊያ ታቅዷል። ስለ መንገደኛ መቀመጫ፣ ስለ ፈጣን መንገድና ስለ ባቡር ብዙ ይነገራል። ባለ አራት መቀመጫዋ አውሮፕላን በዚያ ጊዜ የት እንደምታድር፣ ማሠልጠኛው የት እንደሚሆን፣ የአየር አምቡላንስ ከሆስፒታሎቹ በስንት ደቂቃ ርቀት እንደሚያርፍ ከወዲሁ በንድፍ ላይ መሥፈር አለበት እላለሁ። ትልቁ ሲለቅ ከቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች የአንዱን ሩብ ርዝመት፣ ከጥቂት ሃንጋርና ከአንድ የነዳጅ ዲፖ ጋር፣ ለትንሹ ማስቀረት የሚቻለው መሬቱ ለሪል ስቴት ሳይከፋፈል በፊት ነው። ሩብ ስል አጭር ይመስላል፤ በቀትር መንደርደሪያው ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ከላይ ያሳየሁት ለዚህ ነበር፤ ሲሶ ቢሆን ይሻላል።

ወደ ቢሾፍቱ የሚሄደው ትንሽ አውሮፕላን አንድ ጥቅም ያገኛል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። 27 ዲግሪ በሆነ ሞቃት ከሰዓት እንኳ አውሮፕላኗ የሚሰማት 2750 ሜትር ያህል ነው፤ የልደታን ማለዳ ሊመስል ምንም አይቀረውም። ያ በቀትር የቀረው አራተኛ መንገደኛ ይሳፈራል ማለት ነው፤ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በመኪና ቢሾፍቱ ድረስ ከዘለቀ።